መጽሐፉን ዝጊና ንገሪኝ

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲደረግ እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ልጄ የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። ሰነፍ አይደለችም፤ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ታነባለች፣ መጽሐፏ ሁሉ በቀለም ተሰምሮ ቢጫ ሆኗል። ከፈተና በፊት ስጠይቃት ‹አባዬ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ› ትለኛለች። ውጤቱ ሲመጣ ግን ባዮሎጂ 47፣ ኬሚስትሪ 41 ነው። መንዝ ያለው ታላቅ ወንድሜ የቆሎ ተማሪ ስለነበረ ‹ደጋግማ ትበለው፤ እኔ ዳዊትን በቃሌ የያዝኩት በመደጋገም ነው› ይላል። መምህሯ ደግሞ ሽምደዳ ይቅር ይላሉ። ማንን ልስማ? ወንድሜ አእምሮ ይከፍታል የሚባለውን መጠጥ፣ አብሾን፣ ላምጣላትም ብሎኛል።»

ጌታዬ፣ ልጅዎ አልዋሸችዎትም። «ሁሉንም አውቀዋለሁ» ያለችዎት ከልቧ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። እንዳላወቀች ብታውቅ ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ያላወቀችውን መርጣ ታነባለች። አውቄዋለሁ ብላ የተኛች ተማሪ ግን ምን እንደጎደላት የምታየው የፈተናው ወረቀት ሲመለስ ነው። ስለዚህ ከማስታወስ ችሎታዋ በፊት የምንመረምረው ዳኝነቷን ነው። የራሷን እውቀት የምትመዝንበት ሚዛን ተዛብቷል፤ ያዛባው ደግሞ የምታጠናበት መንገድ ነው።

ነገሩን በቅርብ ላሳይዎት። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት የልጅዎ እኩያ የሆነች ተማሪ ከእናቷ ጋር መጣች። ቅሬታው ያው ነው። የባዮሎጂ መጽሐፏን አስወጥቼ ስለ ሴል ክፍፍል የሚናገሩትን ሁለት ገጾች እንድታነብ 15 ደቂቃ ሰጠኋት። ስትጨርስ «ከ10 ስንት ታውቂዋለሽ?» አልኋት። ጥቂት አሰብ አድርጋ «9» አለች። መጽሐፉን ዘጋሁና ባዶ ወረቀት ሰጠኋት፤ ያነበበችውን ሁሉ እንድትጽፍ፣ ሥዕሉንም እንድትሥል። ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ ብላ አራቱን ስሞች በቅደም ተከተላቸው ጻፈች። ከዚያ ቆመች። ክሮሞሶሞቹ በሴሉ መሀል የሚሰለፉት በየትኛው ላይ ነው? ዝም። ተለያይተው ወደ ሁለቱ ጫፎች የሚሄዱትስ? ዝም። እስክሪብቶዋን በጣቶቿ እያሽከረከረች «ሥዕሉ እኮ በግራው ገጽ ከታች ነው ያለው፤ ሰማያዊ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሥዕሉ በግራው ገጽ ከታች ነበር፤ ሰማያዊም ነበር።

ይህች ልጅ ገጹን ታውቀዋለች፤ ገጹ የያዘውን ግን አታውቀውም። ሦስተኛ ጊዜ፣ አራተኛ ጊዜ ሲነበብ ዓይን በመስመሩ ላይ ሳይደናቀፍ ይሄዳል፤ አእምሮም ይህን አለመደናቀፍ «ገብቶኛል» ብሎ ይተረጉመዋል። ገበያ መሀል አንድ ሰው ፈገግ ብሎ ሰላም ሲልዎት ፊቱን በደንብ ያውቁታል፤ ስሙን ጥራ ቢባሉ ግን አይመጣም። ፊት መለየት አንድ ነገር ነው፣ ስም መጥራት ሌላ። መጽሐፍ ተገልጦ ሲነበብ የሚሠራው ፊት መለየቱ ነው። ፈተናው የሚጠይቀው ስሙን ነው፤ ምርጫ ያለው ጥያቄም ቢሆን አራቱ ምርጫዎች ተመሳሳይ ፊት ይዘው ይቀርባሉና ፊት መለየት ብቻውን አያድንም።

በሙያችን ይህ የራስን እውቀት የመመዘን ነገር ሜታኮግኒሽን ይባላል። ቃሉን በ1970ዎቹ ያስለመደው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ፍላቬል ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እየጻፍኩ ነው)። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ሁለት ሥራ ነው፦ ምን አወቅሁ፣ ምን ቀረኝ ብሎ መከታተል፤ በዚያም ተነሥቶ ቀጥሎ ምን ላድርግ ብሎ መወሰን። የመጀመሪያው ከተሳሳተ ሁለተኛው ትክክል ሊሆን አይችልም። ልጅዎ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት የምትደክመው በመወሰኑ በኩል ሰንፋ አይደለም፤ የተነሣችበት መረጃ ሐሰት ስለሆነ ነው።

አንድ ጥናት ልንገርዎት፤ ለወላጆች ከምናገራቸው ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ አጭር ጽሑፍ ሰጡ። አንደኛው ቡድን በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበው። ሌላው በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አነበበና በቀሩት ሦስት ክፍለ ጊዜያት ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። የመጀመሪያዎቹ ጽሑፉን በአማካይ 14 ጊዜ ያህል አንብበውታል፤ ሁለተኞቹ 3 ጊዜ ከምናምን። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ በለጡ፦ 83 ከመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ 40 ከመቶ ብቻ ሲያስታውሱ ራሳቸውን የፈተኑት 61 ከመቶ አስታወሱ። እኔን ከቁጥሮቹ በላይ ያስገረመኝ ሌላ ነው። ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው ሲጠየቁ፣ ይበልጥ እርግጠኛ የነበሩት ደጋግመው ያነበቡት ናቸው። የበለጠ የሚረሳው ሰው የበለጠ ይተማመናል ማለት ነው። «አባዬ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ አሁን ሳያዩት አልቀሩም።

አሁን ወደ ወንድምዎ ልምጣ። እሳቸው ያሉት ትክክል ነው፤ ያደረጉትን ግን በትክክል አልነገሩዎትም። «በመደጋገም ነው» የሚሉት የለመዱት ነገር ስለሆነ ነው እንጂ፣ የደገሙት ልጅዎ እንደምትደግመው አልነበረም። እኔም ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት መንዝ ውስጥ ንባብ ቤት ተቀምጬአለሁና ጠዋቱን አስታውሰዋለሁ። የኔታ ፀሐይ ላይ ባናቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸው የተጨፈነ ይመስላል። ተማሪው ፊታቸው ቆሞ ትናንት የተሰጠውን በቃሉ ይላል። መጽሐፍ በእጁ የለም። አንድ ቃል ሲዘል ወይም በግዕዙ የንባብ ስልት ተነሽ የሆነውን ወዳቂ አድርጎ ሲል፣ ተኝተዋል ያልናቸው የኔታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ተመለስ» ይላሉ። ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ከተደናቀፈ አዲስ ትምህርት አይሰጠውም፤ የትናንቱን ይዞ ይሄዳል።

በዚህ ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ ይመልከቱ። ተማሪው ከገጹ ላይ አያነብም፤ ከራሱ ውስጥ ያወጣል። ስህተቱ ወዲያው ይታረማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማወቅ አለማወቁን የሚፈርደው እሱ አይደለም። «የኔታ፣ አውቀዋለሁ» ብሎ ማለፍ የለም። ራስን የመመዘን ችሎታ ገና ያልበሰለለት የ8 ዓመት ልጅ ሚዛኑን ከየኔታ ይዋሳል። ልጅዎ የጎደላት ይህ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ከመጽሐፏ ጋር ብቻዋን ናት፤ መጽሐፍ ደግሞ «ተመለሺ» አይልም።

ሌላም አለ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የሚደረስ ጸሎት ነው፤ የሰኞው ሰኞ፣ የማክሰኞው ማክሰኞ ይባላል። እያንዳንዱ ክፍል ሳምንት ጠብቆ ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው። ይህን ሥርዓት ያወጡት አባቶች ለጸሎት ብለው እንጂ ለማስታወስ ብለው አይደለም፤ ሆኖም የማስታወስ ጥናት የሚመክረው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሚፈጥንና ከዚያ በኋላ እየዘገየ እንደሚሄድ አሳየ። ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ሦስት ሰዓት በአንድ ሌሊት ከማጥናት፣ ያንኑ ሦስት ሰዓት ለሦስት የተራራቁ ቀናት ማካፈል እንደሚበልጥ ደጋግመው አረጋገጡ። በጥናቱ ቀናት መካከል የሚተወው ጊዜ የሚመዘነው በፈተናው ርቀት ነው፤ ሳምንት ለቀረው ፈተና የአንድ ወይም የሁለት ቀን ልዩነት ይበቃል፣ ለዓመቱ መጨረሻ ፈተና ግን በሳምንታት የሚቆጠር ልዩነት ያስፈልጋል። ትንሽ እስኪረሳ መጠበቅ አለብዎት። ሰው ይህን አይወድም፤ ስትመለስበት ከብዷት «ጠፋብኝ» ትላለች። ያ ድካም ግን ሥራው እየተሠራ መሆኑን ነው የሚያሳየው። ሮበርት ቢዮርክ የተባለው ተመራማሪ እንዲህ ያለውን ችግር የሚፈለግ ችግር ብሎ ሰይሞታል።

መምህሯስ? እሳቸውም ልክ ናቸው፤ የወንድምዎ ትምህርት ቤት ራሱ ይመሰክርላቸዋል። ዳዊት የደገመ ልጅ ቅኔ ቤት ሲገባ በቃል የያዘው ብቻውን አያዋጣውም። ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ የሌላውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ የሚያቀርብ ተማሪ መሳቂያ ይሆናል። ግሱንና አገባቡን በቃሉ መያዝ አለበት፣ ከዚያ በያዘው ቀለም ትናንት ያልነበረ ነገር መሥራት አለበት። ኬሚስትሪም እንዲሁ ነው። የንጥረ ነገሮቹን ምልክትና የቫሌንሲ ቁጥራቸውን በቃሏ ካልያዘች አንድ ቀመር መጻፍ አትችልም፤ ያንን ብቻ ይዛ ደግሞ የሞል ስሌት አትሠራም። «ሽምደዳ ይቅር» የሚለውን ምክር ብዙ ተማሪዎች «በቃል መያዝ ይቅር» ብለው ይሰሙታል። መቅረት ያለበት ሳይገባ መያዝ ነው።

ገብቷት እንደሆነ የሚለዩበት አንድ ዘዴ አለኝ፤ ለእኛ አገር ተማሪ የተመቸ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ልጆች የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይይዙትና አንዲት ቃል ስትለወጥባቸው ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ በአማርኛ ይጠይቋት፦ «ኦስሞሲስ ምንድን ነው? ከቤታችን ምሳሌ ስጪኝ።» ኦስሞሲስ ውሃ በስስ ሽፋን አልፎ ጨው ወደ በዛበት መሄዱ ነው፤ ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋ ጨው ሲነካው ለምን ውሃ እንደሚተፋ ካስረዳችዎት ገብቷታል። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ደግማ ዝም ካለች አልገባትም፤ ዓረፍተ ነገሩ እንከን ባይኖረውም። ሲገባት ወደ እንግሊዝኛው ትመለስ፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና ያንን መዝለል አይቻልም።

ቢጫውን ቀለም በተመለከተ አጭር ልሁን። በ2013 ጆን ደንሎስኪና አራት ባልደረቦቹ ተማሪዎች የሚጠቀሙባቸውን አሥር የማጥኛ ዘዴዎች መርምረው በጥቅማቸው ደረጃ ሰጧቸው። ከላይ የተቀመጡት ሁለቱ ራስን መፈተንና ጥናትን በጊዜ ማራራቅ ናቸው። ማስመርና ደጋግሞ ማንበብ ከታች ቀሩ። ቀለሙን አይንጠቋት፤ ካሰመረች በኋላ መጽሐፉን እንድትዘጋው ብቻ ያድርጉ።

በዚያው ጥናት በሥዕልና በቁልፍ ቃል የማስታወስ ዘዴዎችም ዝቅተኛ ደረጃ ነው ያገኙት። እኔ እዚህ ላይ ጥቂት አስተያየት አለኝ። ለሁሉ አያገለግሉም፣ እውነት ነው፤ ቅደም ተከተል ላለው ነገር ግን ሸጋ ናቸው። የሕያዋን ምደባ ሰባት ደረጃዎች ልጆችን ሲያንገላቱ አያለሁ፦ ኪንግደም፣ ፋይለም፣ ክላስ፣ ኦርደር፣ ፋሚሊ፣ ጂነስ፣ ስፒሽስ። ልጅዎ የደሴን መንገድ ታውቀዋለች። ደብረ ብርሃን፣ ቀይት፣ ጉዶ በረት፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ አርማንያ፣ ሸዋ ሮቢት፤ ሰባት። ደብረ ብርሃንን የመሠረታት ንጉሥ ዘርዓ ያዕቆብ ነው፤ ኪንግደም ማለት የንጉሥ ግዛት ነውና እዚያ ይቀመጥ። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ መኪኖች ተራ ጠብቀው ይገባሉ፤ ኦርደር ተራ ነው። ደብረ ሲና ላይ መኪናው ሲቆም ቤተሰቡ በሙሉ ወርዶ ቆሎ ይገዛል፤ ፋሚሊ። የቀሩትን አራቱን ራሷ ትሙላ፤ እኔ ከሰጠኋት ይልቅ እሷ የፈጠረችው ይቆይላታል። መንገዱ ከደጋ ወደ ቆላ እየወረደ እንደሚሄድ ሁሉ ምደባውም ከሰፊው ወደ ጠባቡ ስለሚወርድ ይስማማል። ይህ ግን ስሞቹን መስቀያ ካስማ ነው፤ ፋሚሊ ከጂነስ በምን እንደሚለይ አይነግራትም።

አሁን ምን ያድርጉ? እርስዎ ባዮሎጂ መማር የለብዎትም። ማታ ማታ 20 ደቂቃ መጽሐፉን እርስዎ ይያዙ፣ እሷ ትናገር። «መጽሐፉን ዝጊና ንገሪኝ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት። የምትናገረውን ባይረዱትም፣ ስትደናቀፍ፣ ስትዘል፣ «ያው እንግዲህ እንዲህ ነው» ስትል ከድምፅዋ ያውቁታል። እዚያ ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ እሷ ገልጣ ታስተካክል። ማስተካከሉ እንዳይዘለል፤ ያልታረመ ስህተት በተደጋገመ ቁጥር ይጠነክራል። በየኔታ ፊት እንዳለች አስመስለው ግን አይቆጡ። እኔ የኔታን የማስታውሳቸው በጆሮአቸው ብቻ ሳይሆን በአለንጋቸውም ነው፤ ያኛው ለማስታወስ አስተዋጽኦ አደረገ ብዬ አላምንም።

የምትመዝንበትን ሚዛን ለማስተካከል ደግሞ ግምቷን ትጻፍ። አንድ ምዕራፍ አጥንታ ስትጨርስ ወዲያው «ስንት ታውቂያለሽ?» አይበሏት፤ ያኔ የምትሰጠው መልስ ዋጋ የለውም፣ ነገሩ ገና አፏ ላይ ነውና። ቶማስ ኔልሰንና ደንሎስኪ በ1991 ያሳዩት፣ ሰው ስለ እውቀቱ የሚሰጠው ግምት ጥቂት ቆይቶ ሲጠየቅ እጅግ ወደ እውነቱ እንደሚቀርብ ነው። ስለዚህ በማግሥቱ፣ መጽሐፉን ሳታይ ከ10 ስንት እንደምታገኝ በወረቀት ትጻፍ፤ ከዚያ ካለፉ ዓመታት ፈተናዎች ወይም ከምዕራፉ መጨረሻ 10 ጥያቄ ትሥራ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። መጀመሪያ ላይ 9 ገምታ 4 ታገኛለች፤ ታለቅሳለችም ይሆናል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ 6 ገምታ 6 ስታገኝ፣ ውጤቱ ገና ባይደነቅም ትልቁ ነገር ተሠርቷል፤ የቀሩት አራቱ የትኞቹ እንደሆኑ ታውቃለች። የኬሚስትሪ ስሌቶችን ስትሠራም አንድ ዓይነት ጥያቄ ብቻ ተደርድሮ እንዳይሆን፤ የሦስት ምዕራፍ ጥያቄ ይቀላቀል። ፈተናው ላይ ግማሹ ሥራ የትኛውን ቀመር ልጠቀም ብሎ መምረጥ ነው፣ የተደረደረ ጥያቄ ይህን አያስተምርም።

እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት መቀመጡን ያስቀሩ። የተማርነው በአእምሮ የሚረጋው ስንተኛ ነው። እንቅልፍ እንዳይጥላቸው እግራቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው የሚያጠኑ ልጆች አሁንም አሉ። በኅዳር ውርጭ፣ ደብረ ብርሃን ላይ! ጽናታቸውን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን በእንቅልፍ ሰዓት ያጠኑትን የሚይዝላቸውን እንቅልፍ ራሱን ነው የሚሰርቁት። 4 ሰዓት ላይ ትተኛ።

መጽሐፍ ዘግታ አጥርታ እየነገረችዎት ፈተናው ላይ ብቻ የምትወድቅ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ወይ የጥያቄው እንግሊዝኛ፣ ወይ ፍርሃት፣ ወይ ከኋላ ወንበር ሰሌዳው የማይታያት ዓይን። ያን ጊዜ መልሰው ይጻፉልኝ።

አብሾውን አያስገቡት። ለአብሾ ይገባሉ ከሚባሉት ዕፀዋት አንዱ ዕፀ ፋርስ፣ አስተናግርም የሚሉት ነው። በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ መጠኑ ትንሽ ሲያልፍ ያስለፈልፋል፣ ልብን ያስሮጣል፣ ሊገድልም ይችላል። የሚያስቀው፣ ካላስለቀሰ፣ ተመራማሪዎች በሰው ላይ ለጊዜው የማስታወስ ድክመት ፈጥረው ማጥናት ሲፈልጉ የሚሰጡት ስኮፖላሚንን መሆኑ ነው። ወንድምዎ ዳዊቱን የያዙት አብሾ ጠጥተው ከሆነም፣ የያዙት አብሾው ቢኖርም ነው እንጂ ስለ አብሾው አይደለም። ልጅቱን መርዳት ከፈለጉ ለበዓል ሲመጡ መጽሐፏን ይሰጧቸው፤ እንግሊዝኛውን ባያነቡትም «ተመለሺ» ማለት የት ላይ እንደሆነ ከእርስዎም ከእኔም በተሻለ ይሰማሉ።